እኔና የመኪና ማጠቢያ ሞተሬ

ነገሌ ቦረና ውስጥ በቤንዚን ሞተር መኪና የማጥብ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ እናገር ነበር። ሞተሩን ከአዲስ አበባ ካስመጣሁ ወዲህ አረማመዴ ሳይቀር ተለውጦ፣ መፍቻ ከኪሴ አይጠፋም፤ ሰው ሰላም ሲለኝ «እጄ ግራሶ ነው» ብዬ ክርኔን እሰጣለሁ። እጄ ግን ንጹሕ ነበር። ስለ ሞተር የማውቀው ገመዱን ስቦ ማስነሣትና ሲጠፋ መራገም ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሞያሌ የሚመላለሱ አንድ ሽማግሌ ሹፌር የጭነት መኪናቸውን ይዘው መጡ። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ቀስ ብለው በመንዳት የታወቁ። በመኪናቸው ግንባር ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «አትቸኩል» ተብሎ ተጽፏል።

«አካም፣ ልጄ? ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ ከጋቢናው እየወረዱ። «ይሄን የሀገረ ማርያም ጭቃ አውርድልኝ። ከሰዓት በኋላ ሞያሌ እወጣለሁ።»

«አያስቡ ጋሼ፤ ይሄ እኮ ሞተር ነው!»

ገመዱን ሳብኩ። ዝም። ደግሜ ሳብኩ። አሁንም ዝም። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ ጥላሸቱን ጠረግኩና መልሼ አሰርኩት። ከብዙ ትግል በኋላ ሞተሩ እያስነጠሰ ተነሣ። እንዲያደንቁኝ ወደ ሽማግሌው ዞር ስል፣ እሳቸው የቱቦውን አፍ ያያሉ። ውሃው ከማንቆርቆሪያ እንደሚቀዳ ሻይ ቀጥኖ ይወርዳል።

«በዚህስ እጄንም አልታጠብበት» አሉ።

«ግፊቱ ላልቶ ነው» አልኩ፣ እንደ ሐኪም ግንባሬን ቋጥሬ። ፓምፑ ላይ ግፊቱን የሚያጠብቅ ብሎን አለ። አጠበቅኩት፤ ለውጥ የለም። ጨመርኩ፤ የለም። በመጨረሻ ጥርሴን ነክሼ አልዞር እስኪል አጠበቅኩት።

ውሃ የሚሳብበትን በርሜል ማየት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ከኩሬ በአህያ የመጣው ውሃ ገለባ ሞልቶታል፤ የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ማጣሪያ ድፍን ብሏል። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ማጣሪያውን አውጥቼ አጠብኩትና «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ብሎኑን መልሶ ማላላት ግን ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ሞተሩን አስነሥቼ አፈሙዙን ወደ መኪናው ግንባር ስደግን፣ የውሃው ኃይል ወደ ኋላ ገፈተረኝ። ተንገዳግጄ ቱቦውን እስክጥል ድረስ ነገሩ አልቋል። ጭቃው ወርዷል። ከጭቃው ጋር የጽሑፉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎችም ወርደዋል።

ሽማግሌው ቀረብ ብለው አነበቡ።

«ቸኩል» አሉ፣ ቀስ ብለው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ጋሼ፣ እኔ… ቀለም ፈልጌ አሁኑኑ…»

«እባክህ አንተ አትንካው! የጻፈው ሰው ያለው ሀገረ ማርያም ነው።»

እንደዚያው ሞያሌ ሄዱ። ሲመለሱ እንደነገሩኝ፣ በቆሙበት ሁሉ ሰው «ምነው፣ በስተርጅና ምን ነካዎት?» እያለ ሲስቅባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ እንደገና ሊያሳጥቡ ሲመጡ ፊደሎቹ ተሟልተዋል። እጄን ወደ ሞተሩ ገመድ ስዘረጋ አስቆሙኝ።

«እሱን አታስነሣብኝ። ባልዲና ጨርቅ የለህም?»

ነበረኝ። ጽሑፉ ጋ ስደርስ የሕፃን ፊት እንደማጥብ ቀስ እያልኩ አበስኩት። እሳቸው ትርፍ ጎማ ላይ ተቀምጠው እጄን በዓይናቸው ይከተላሉ።

«ታናሽ ወንድሜም ሹፌር ነበር» አሉ። «ወደ ዳዋ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ሳይመሽ ልግባ ብሎ ሲበር ነው ያጣነው። ይሄን ያስጻፍኩት ያኔ ነው።»

ጨርቁን ጨመቅኩና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አደረቅኩ።