ለዳማው የሚሆን ኮርቻ

ሁለቱ ኮርቻዎች የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነው። አምስተልቨን ከተማ ወዳለው ቤታቸው ስገባ ሜፍራው ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ኮርቻዎች ትክ ብለው እያዩ አገኘኋቸው።

ሜፍራው የምላቸው ሆላንዶች አንዲትን ትልቅ ሴት በአክብሮት ሲጠሩ እንዲያ ስለሚሉ ነው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ኮብ የሚባለውን የፈረስ ዝርያ ሲያሳድጉና ለትርኢት ሲያቀርቡ ነው። ኮብ አጠር ያለ፣ ደረተ ሰፊ፣ እግሩ ወፍራም፣ ገራም ፈረስ ነው። ያን ጊዜ የቀራቸው አንድ ዳማ ፈረስ ብቻ ነበር። እሱም ከከተማው ዳር፣ ማኔዥ በሚሉት የፈረስ መጋለቢያ ግቢ ይኖራል። ሜፍራው ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ፣ እኔ ከዴንሃግ፣ ከላክ ሰፈር፣ በባቡርና በአውቶቡስ እየተመላለስኩ አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ምሳቸውን አቀርባለሁ።

ነገሩ የሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ዐሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ለማምጣት በዝግጅት ላይ ነበርኩ። ማመልከቻው የሚያልፈው የማይቋረጥ የሥራ ኮንትራት ካለኝ ብቻ ነው። ኮንትራቴን የምትፈርመው ደግሞ የሜፍራው ልጅ ናት።

«ይሄኛው የእንግሊዝ ነው» አሉኝ ሜፍራው በጣታቸው እያሳዩ። «ሃምሳ ዓመት ከዚህ ፋብሪካ ሌላ ኮርቻ አላውቅም። ያኛው የጀርመን ነው፤ የማኔዧ ሴትዮ ናት ያስመጣችው። ዳማው ጎኑ ሰፍቶ አሮጌው ኮርቻ እምቢ ብሎታል። ሁለቱንም ለሁለት ሳምንት እንድንሞክራቸው ሰጥተውናል። በበጋው ዴንሃግ ላይ ትርኢት አለ።»

የእንግሊዙ ቀጠን ያለ፣ ቆዳው የሚያበራ፣ ስፌቱ እንደ ጥልፍ የተጠበቡበት ነበር። የጀርመኑ ወፈር፣ ሰፋ ያለ፣ ዓይን የማይገባ ነገር ነው። እኔን ቢጠይቁኝ የእንግሊዙን እል ነበር። ደግሞ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ሻይ ላፈላ ሄድኩ።

ሻዩ ሳይፈላ ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ናት።

«እናቴ ትሰማለች?»

«የለም፣ ወጥ ቤት ነኝ።»

«በሩን ዝጊው። ስሚኝ፣ እናቴ ከእንግዲህ ፈረስ ላይ አትወጣም። ሐኪሙ አንዴ ብትወድቅ አበቃላት ብሎኛል። ሁለቱም ኮርቻ አልሆነም ከተባለ ፈረሱን ትሸጠዋለች። እኔን አትሰማም፣ አንቺን ትሰማለች። ሁለቱም አይሆኑም በያት።»

«እኔ ስለ ኮርቻ ምን አውቄ?»

«ማወቅ አያስፈልግሽም» አለችና፣ «ኮንትራትሽ በመስከረም እንደሚያልቅ አትርሺ። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም» አለችኝ።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ሜፍራው፣ «ልጄ ናት አይደል? ምን አለችሽ?» አሉኝ።

«ስለ መድኃኒትዎ ጠይቃኝ ነው።»

ዓይኔን አይተው ሻዩን ተቀበሉኝ። ሳሎኑ በድንገት ጠበበኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ከፍቼ በገባሁ ቁጥር ከኋላዬ የሚቆለፍብኝ ይመስለኝ ጀመር። እናትየው ከሰው ሁሉ አንቺን ብቻ አምናለሁ ይሉኛል። ልጅቱ በየሁለት ቀኑ እየደወለች «ነገርሻት?» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ «ወረቀቱ ምን ደረሰ?» ይለኛል። ለልጅቱም ለባለቤቴም የምመልሰው አንድ ነው፤ ትንሽ ቀን ነው የቀረው።

በሳምንቱ ሜፍራውን በታክሲ ማኔዡ ድረስ ወሰድኳቸው። የግቢው ባለቤት ቦት ጫማ የማታወልቅ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ዳማውን ስታወጣው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ መሆኑን አየሁ። ጋማውን ጎንጉናለታለች።

«ማን ይቀመጥበት?» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ለልኬታ እከብዳለሁ።»

ሜፍራው ወደ እኔ ዞሩ። «የእሷ ክብደት ከእኔ ጋር እኩል ነው።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። «አንዴ ብቻ። እባክሽ» አሉኝ። እባክሽ ሲሉኝ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በመወጣጫ ሳጥን ላይ ቆሜ፣ ሴትዮዋ ልጓሙን ይዛልኝ፣ የሥራ ሱሪዬን እንደለበስኩ ወጣሁ። መጀመሪያ የእንግሊዙ ነበር። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ ቆመ። ቢስቡት በግድ ተራመደ፤ ስንዞር ኮርቻው ከሥሬ እግሩ እንደጎደለ ወንበር ይወላገዳል። ከሁለት ዙር በኋላ ሴትዮዋ አቆመችውና፣ «እጅሽን ከትከሻው በላይ፣ ከኮርቻው ሥር አስገቢ» አለችኝ። ጣቶቼ አልገቡም። ከወረድኩ በኋላ ኮርቻውን አንስታ የፈረሱን ጀርባ አሳየችኝ። ዙሪያው በላብ ርሷል፤ ግራና ቀኝ ግን መዳፍ የሚያካክል ደረቅ ቦታ አለ።

«እዚህ ጋ ነው ቆንጥጦ የያዘው» አለች። «ያመዋል፣ ግን ጨዋ ስለሆነ አይፈራገጥም።»

ያንን ስትል እጄን አንገቱ ላይ አሳረፍኩ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለማንም መናገር አልችልም ነበር።

የጀርመኑን ጫነችለትና ጠፍሩን አጥብቃ እንደገና አወጣችኝ። ዳማው በረጅሙ ተነፈሰ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ማንም ሳይጎትተው መራመድ ጀመረ። በሶምሶማ ሲሄድ እንኳ ጋማውን ጨብጬ ጮህኩ እንጂ አልወደቅኩም።

ፈረሱ ሲቆም ልጅቱ አጥሩ ጋ ቆማ አየኋት። መቼ እንደመጣች አላወቅኩም። እጇን አጣምራ ቀጥ ብላ ታየኛለች።

ሜፍራው ከወንበራቸው ላይ ቀና ብለው፣ «እሺ፣ የቱ ነው?» አሉኝ።

ወርጄ ብመልስ ደስ ባለኝ፤ ሳጥኑ ግን ከሜዳው ማዶ ነው። ከላይ ሆኜ እናትየውን አየሁ፣ ልጅቱን አየሁ፣ የፈረሱን ጆሮዎች አየሁ። ሁለቱም አይሆኑም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ስንት ቀን ተለማምጄዋለሁ።

«ሁለተኛው» አልኩ።

«የጀርመኑ?» ፊታቸው ጠቆረ። «ሃምሳ ዓመት የተቀመጥኩበትን ትቼ?»

«ለእርስዎ የቱ እንደሚሻል አላውቅም ሜፍራው። ለፈረሱ ግን ሁለተኛው ነው። የፊተኛው ያመዋል።»

ልጅቱ ዞራ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ሜፍራውን በታክሲ ወደ ቤት መለስኳቸው። ልጅቱ ቀድማን ደርሳ ሳሎን ጠበቀችን። ወጥ ቤት ገባሁ፤ ግን ግድግዳው ስስ ነው።

«እማማ፣ ከዚያ ፈረስ ላይ ወድቀሽ ሬሳሽን እንዳነሳ ነው የምትፈልጊው?»

«ማን እቀመጥበታለሁ አለሽ?» አሉ ሜፍራው። «የማኔዧ ሴትዮ የእህት ልጅ አለቻት፤ ለትርኢቱ እሷ ትቀመጥበታለች። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? በሰው ነው የምትጠይቂኝ። ወጥ ቤት ውስጥ በቆመ ሰው!»

እኔ የታጠበውን ሳህን መልሼ አጠብኩ።

የእንግሊዙ ኮርቻ ተመለሰ። በበጋው፣ ዴንሃግ ዳር ባለው ሜዳ ላይ በተደረገው ትርኢት፣ የሜፍራውን ወንበር የገፋሁት እኔ ነኝ። ዳማው በጀርመኑ ኮርቻ ሦስት ዙር ሄደ። ሌላው ሰው ሲያጨበጭብ እሳቸው የፈረሱን ትከሻ ብቻ ነበር የሚያዩት። «ተፈታ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው ይመስላል። ልጃቸውም መጥታ ነበር፤ ለእናቷ ጃንጥላ ያዘችላቸው። እኔን በእጇ ጨብጣ ሰላም አለችኝ።

ኮንትራቴን ግን አልፈረመችውም። በመስከረም አንድ አጭር ደብዳቤ መጣ፤ ወቀሳ አልነበረበትም፤ እናቷ ወደ አረጋውያን መኖሪያ እንደሚገቡና ለአገልግሎቴ እንደምታመሰግን ይላል። እውነት ነው፣ ገብተዋል። በእኔ ምክንያት ይሁን በዳሌያቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር ውስጥ ሌላ ሥራ እስካገኝ ሁለት ወር አለፈ፤ ማመልከቻውም ከአዲሱ ኮንትራት ጋር እንደ አዲስ ተጀመረ። ባለቤቴን አንድ ዓመት አዘገየሁት።

ለምን እንደዘገየ በስልክ ስነግረው ሁሉንም አወጣሁለት፤ ኮርቻውን፣ ደረቁን ጀርባ፣ ከላይ ሆኜ ያልኩትን። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ስንተኛ ወጣ?» አለኝ።

«ማን?»

«ፈረሱ ነዋ።»

«ሦስተኛ።»

«እሱም አይከፋም» አለ። ከዚያ ስለ ወረቀቱ ጠየቀኝ።