ከመሬት በታች ያለው ማሽላና ምስጥ ነው

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ባሕሪያን የማያውቅ የለም፤ በሱቋ ሳይሆን በጩኸቷ። በሙሽርነቷ በመተማ በኩል ተሻግራ ከመጣች ወዲህ ቅመምም ጨርቅም ነግዳለች። ባሏ አኑዋር ከሞተ በኋላ ደግሞ ሱቁን ለሁለት ከፍላ በአንደኛው ወገን የሰው ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፣ በሌላው ጌም ታጫውታለች። ጌሙ የልጇ የሉጥፊ ሐሳብ ነበር። ገቢው ክፉ አይደለም፤ ቆሽቷን የሚያሳርራት ወሬው ነው።

ሰሞኑን ወጣቶቹ የያዙት ጌም አንድ ጀግና ወንድሙን ፍለጋ ወደ ሙታን አገር የሚወርድበት ነው። ከመሬት በታች ከተማ አለ፣ ወንዝ አለ፣ በረኛ አለ። የሞቱት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚመጣላቸውን ይጠብቃሉ። ጀግናው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በእጁ መብራት ይዞ ይወርዳል። ይኼን ተጫውተው ዝም ቢሉ ምን ነበር? ጨዋታው ሲያልቅ ክርክሩ ይጀምራል፤ እንዲህ ያለ አገር በእውን ሊኖር ይችላል ወይስ አይችልም? ዛሬም ያው፣ ነገም ያው፣ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ።

"ለምን አይኖርም እትዬ? ማን ቆፍሮ አይቶ ነው የለም የሚባለው?" ይላታል አክሊሉ። አክሊሉ የጎንደር ልጅ ነው፤ ወደ ሊቢያ እሻገራለሁ ብሎ መጥቶ የሱዳን ጦርነት መንገዱን ዘጋበትና እዚሁ በቀን ሥራ የሚያድር።

"ወላሂ፣ ሙምኪን ነው፣ ይቻላል" ይላል ሉጥፊ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። "ቢኖርስ ዩማ?" እናቱን የሚጠራት እንዲህ ነው።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!" ትጮኻለች። "የሞተ ሰው አላህ ዘንድ ነው። ከመሬት በታች ያለው ማሽላና ምስጥ ነው፣ ኻላስ፣ በቃ!"

አክሊሉ ይስቃል። ሉጥፊ ግን አይስቅም፤ እሷን የሚያናድዳትም ይኸው ነው። "ቢኖርስ" ሲል ማንን እያሰበ እንደሆነ ታውቃለች።

አኑዋር የሞተው መጥሙራ ውስጥ ነው። መጥሙራ ማለት በዚያ በጥቁሩ መረሬ ውስጥ የሚቆፈር የማሽላ ጉድጓድ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ በገለባና በአፈር ተደፍኖ የሚቀመጥ። ተደፍኖ የከረመ እህል አየሩን ይበላዋል። ስለዚህ ሲከፈት ማንም ዘሎ አይገባም፤ ተናፍሶ ይቆይና በቅድሚያ የበራ ፋኖስ ይወርዳል። ሌላም ደንብ አለ፤ የወደቀን ሰው ተከትሎ የሚገባ የለም። ይኼን ለሠራተኛው ሁሉ ሲያስተምር የኖረው አኑዋር ራሱ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ ወደቀ። አኑዋር ተከትሎት ገባ። ሁለቱንም ሬሳቸውን አወጧቸው።

ባሕሪያ እንደ ሰው አላለቀሰችም፤ ተናደደች። ንዴቷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልበረደም። "ደንቡን እያወቀ! የዐሥር ዓመት ልጅ ቤት አስቀምጦ! ምን አስቦ ነው?" ስኳር ስትመዝን ትለዋለች፣ ሱቅ ስትጠርግ ትለዋለች። ጎረቤቱ ሰልችቶት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ሉጥፊ ግን እየሰማ አደገ።

ጦርነቱ ሲመጣ ሰው ዘራፊ ፈርቶ እህሉን እንደ ጥንቱ መሬት ውስጥ መለሰ። እሷም ጥርሷን ነክሳ ከከተማው ዳር መጥሙራ አስቆፈረች። ዘንድሮ እንዲከፈት ስትወስን ሉጥፊንና አክሊሉን ጠራቻቸው።

"ሄዳችሁ አፉን ክፈቱና ራቁ። እኔ አሚ አደምን ይዤ እመጣለሁ። ፋኖስ ሳይወርድ ማንም እንዳይገባ!"

አሚ አደም በመጥሙራ ሥራ ያረጀ የአገሩ ሰው ነው። ፋኖሱ ለምን እንደሚወርድ ግን አልነገረቻቸውም። ያን መንገር ያን ቀን ማንሳት ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከእርግማን በቀር በሌላ ቃል አንስታው አታውቅም።

እሷና አሚ አደም የተሳፈሩበት ባለሦስት እግር ረክሻ ነጂ ሰላም የማይለው ሰው አልነበረም። "አንተ ቀርፋፋ! ሰርግ ጠርተኸን ነው?" እያለች መንገዱን ሙሉ ጮኸችበት። አሚ አደም ፋኖሱን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ሲደርሱ ሉጥፊ ብቻውን መጥሙራው አፍ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ገመድ እየጎተተ ይጮኻል።

"ፋኖስ ሳይወርድ አላልኩም?"

"አውርደናል ዩማ! ፋኖስ የለንማ፣ የአክሊሉን ስልክ አብርተን በሲባጎ አወረድነው። መብራቱ አልጠፋም! ወላሂ አልጠፋም!"

እውነቱን ነው፤ አልጠፋም ነበር። አሁንም ከጉድጓዱ ሆድ ነጭ ብርሃን ይታያል። አሚ አደም "ላ ሐውላ!" ብሎ ጭኑን መታ። ፋኖስ የሚወርደው ለማየት አይደለም። እሳት እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ እሳቱ ከጠፋ ሰውም ይጠፋል። ስልክ ግን አይተነፍስ! ልጆቹ ፋኖሱ ለብርሃን ብቻ የሚወርድ መስሏቸው ነበር፤ የጌሙ ጀግናም መብራት ይዞ አይደል የሚወርደው። አክሊሉ "የሙታን አገር ደርሻለሁ!" ብሎ ቪዲዮ ሊቀርጽ ወረደ። ቃሉን ሳይጨርስ ማሽላው ላይ ተዘረረ። አንድ ነገር ብቻ በጀው፤ እንደ ጀግናው ልሁን ብሎ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮት ነበር። ባሕሪያ ያን ጌም ያልረገመችበት ቀን የለም፤ ያን ሰዓት ግን ያ ገመድ ብቻ ነበር ያላቸው።

ሦስቱም ጎተቱ። አክሊሉ ከፍ አለና ጠባቡ አፍ ሥር ክንዱ ተቀርቅሮ ቀረ።

"እኔ ገብቼ ላላቅቀው" አለ ሉጥፊ።

ባሕሪያ በጥፊ አጮለችው። "ትሞክራትና እግርህን እሰብረዋለሁ! ተከትሎ የሚገባ የለም! የለም!"

ይኼን ማለቷን ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው የለበሰችው ቶብ ከኋላ ሲጎተት ነው። አንድ እግሯ መጥሙራው ውስጥ ነበር፤ በሁለት እጇ የጉድጓዱን ጠርዝ ይዛለች። ሉጥፊ ቶቧን በሁለት እጁ ጨምድዶ "ዩማ ላ! ዩማ ላ!" እያለ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ጎትቶ መሬት ላይ ጣላት።

አክሊሉን ያወጣው ያ ቀርፋፋ ያለችው ነጂ ነው። የገመዱን ጫፍ ከረክሻው ጋር አስሮ ቀስ እያለ ሳበ፤ አሚ አደም በደረቱ ተኝቶ ክንዱን በዱላ አላቀቀው። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። አሚ አደም ደረቱን እየተጫነ ትንፋሹን ሰጠው፤ በስንት መከራ አሳለው። በዚያው ረክሻ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ነጂው በመንገድ ላይ ማንንም ሰላም አላለም።

በማግስቱ ባሕሪያ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ሱቁ ባዶ ነው። ጌሙ ተዘግቷል። ሉጥፊ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

"ተሻለው?"

"ተሻለው። ስልኬ የት አለ ይላል፣ ደንቆሮ!"

"ዩማ፣ ትናንት ልትገቢ ነበር። ደንቡን እያወቅሽ። እኔ እዚያው ቆሜ። ምን አስበሽ ነው?"

ልትጮህ አፏን ከፈተች። ጥያቄው የራሷ ነበር፤ ቃል በቃል። ያን ቅጽበት መልሳ ፈለገችው። ሉጥፊ አልነበረበትም፣ ሱቁ አልነበረበትም፣ ሞት እንኳ አልነበረበትም። አንድ የተቀረቀረ ክንድ ብቻ ነበር።

"ምንም" አለች። ከጎኑ ተቀመጠች። "ምንም አላሰብኩም ልጄ። አባትህም አላሰበም። ትቶን አይደለም የገባው።"