ከቄሱ ወለል ላይ የተለቀመው ትርጓሜ

የዚያ ዓመት ክረምት የጉም ክረምት ነበር። የቻይናው ንጉሥ ከዙፋን ከወረዱ ሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ከባሕሩ የተነሣው ጉም ሳምንት ሙሉ አይገለጥ፣ የታጠበ ልብስ አይደርቅ፤ ጀርመኖች በያዟት የወደብ ከተማ በቺንግዳኦ ሰው ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ነበር።

አያ ሙ ደሊን ወረቀት ለቃሚ ነው። ቅርጫቱን አንግቶ በየሰፈሩ እየዞረ፣ ጽሑፍ ያረፈበት ቁራጭ በእግር እንዳይረገጥ ከመሬት ያነሣል፤ በቤተ መቅደሱ ደጅ ባለችው የጡብ ምድጃ አቃጥሎ አመዱን ለባሕር ይሰጣል። ማንበብ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረ፤ ለወዲያኛው ሕይወቴ ስንቅ ነው ይል ነበር።

ትምህርት ቤቶች የጥንቱን ሊቅ የኮንፊሽየስን መጻሕፍት ማስተማር ሲተዉ፣ ጀርመናዊው ቄስ ብሬንከና የኔታ ፋን እነዚያን መጻሕፍት ለማዳን በቄሱ ግቢ አብረው መሥራት ጀመሩ። የኔታ ፋን የሟች መምህራቸውን ትርጓሜ አመጡ፤ ሁለተኛ ቅጂ የለውም። ሊገለብጡት ጥራዙን ቢፈቱት ወረቀቱ በጉሙ ርሷል። ቄሱ እንዲደርቅ ብሎ ወለል ላይ ዘረጋውና ምሳ ሄደ።

አያ ሙ ገባ። ጽሑፍ፣ ያውም ወለል ላይ! የተማረ ሰው የሚፈልገውን ጽሑፍ መሬት ያነጥፋል? ባይፈልገው ነው እንጂ። እጅ እየነሣ አንድ በአንድ ለቀመ፤ ወስዶም አቃጠለ። ሠላሳ ገጽ ነበር የሚሉ አሉ፣ አርባ የሚሉም አሉ።

«ሰውዬ፣ ምን አደረግህ!» አለ ቄሱ።

«አከበርኩት።»

«አቃጥለህ?»

«እርስዎስ መሬት አንጥፈው!»

የኔታ ፋን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «እኔም ወለል ላይ ባየው አነሣው ነበር» አሉ።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለ ቄሱ።

«አላልኩም።»

«እሱ ነዋ!»

«እሱንም አላልኩም።»

አያ ሙ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። «የኔታ፣ ጽድቅ ነው የሠራሁት ወይስ ኃጢአት? አንዱን ይበሉኝ።»

የኔታ ፋን ለቄሱ ብዕር አቀበሉት። የሚያስታውሱትን በቃላቸው ማነብነብ ጀመሩ፣ ቄሱ ይጽፋል። አያ ሙ በየቀኑ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ የኔታ ፋን ቃል ሲጠፋቸው አንገቱን ይደፋል። አራት ወር ለፍተው አሥራ አንድ ገጽ ጨርሶ አልመጣ አለ።

ከዚያ ወዲያ አያ ሙ ቁራጭ ወረቀት ባየ ቁጥር የሰው በር ያንኳኳል፤ «ይሄ በቃ፣ አይፈለግም?»

«አያ ሙ፣ የአምና ቶፉ መጠቅለያዬ እኮ ነው!» ትለዋለች የአኩሪ አተር አይብ ሻጯ እማማ ዦ። «ምስክር ልጥራልህ?»

«ጥሪ» ይላታል፣ ሳይስቅ።

አንድ ቀን የኔታ ፋን፣ ዌይሺያን ከተማ ያለው የትምህርት ጓደኛቸው በልጅነቱ ትርጓሜውን ሳይገለብጥ አልቀረም አሉ። ቢጽፉለት መልስ የለም። በማግስቱ ዓመት የጃፓን መርከቦች ከተማዋን ሲከቡ ሁሉም በየፊናው ተበተነ። አያ ሙ ግን ለማንም ሳይናገር በእግሩ ወደ ዌይሺያን ሄደ። ሰውየውን ያግኘው አያግኘው የነገረን የለም። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ዌይሺያን ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አንድ ኑድል ቤት ውስጥ፣ የሰውየውን ቤት ሲጠይቅ ነው።