የወፍጮ ቤቷ ሕፃን መርዶ

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የሞተች ሕፃን መርዶ ለመናገር ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ሰው እኔ ነኝ። ሳስበው አሁንም አፍራለሁ፤ ትንሽም ያሥቀኛል።

ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከስኔሊንግ አቨኒው ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ቤት፣ አንዲት የሰማንያ ስምንት ዓመት አሜሪካዊት እንከባከባለሁ። ሥራውን ሆም ኬር ይሉታል፤ ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ምሳ መሥራት ነው። ከዚያ በፊት ብሉሚንግተን ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ነበር የኖርኩት። ሴትዮዋ የድሮ አስተማሪ ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ስነግራቸው "እንግዲያው በስተርጅና ወለድኩ በይኛ" ብለው ሣቁ።

የእማማ ዓይን መሀሉ ጠፍቷል። አንድን ነገር ፊት ለፊት ካዩት ይሰወርባቸዋል፤ ዞር ብለው በዳር ዓይናቸው ሲያዩት ነው ትንሽ የሚታያቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ባናገርኳቸው ቁጥር ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ ያኮረፉኝ መስሎኝ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ለካ እኔን ለማየት ነው።

እማማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው። ቅድመ አያታቸው ልጅ ሆነው ከእንግሊዝ ገጠር ከአባታቸው ጋር መጥተው እዚሁ ሴንት ፖል ኖረው፣ እዚሁ ተቀብረዋል። አባትየው እንግሊዝ አገር ወፍጮ ቤት ነበረው። ሁለቱ ብቻ ናቸው ባሕር የተሻገሩት፤ እናትየዋና ሌሎቹ ልጆች እዚያው አፈር ውስጥ ቀርተዋል። ስንት ነበሩ? ማን ማን? ቅድመ አያቲቱ ለማንም አልተናገሩም። እማማ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ሲጽፉ ኖሩ፤ አንድ ካርቶን ሙሉ መልስ አላቸው። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ የቀብር መዝገብ በሙሉ ፎቶ ተነሥቶ ኮምፒዩተር ላይ ወጣ። መዝገቡ ሲመጣ ዓይናቸው ሄደ። ቤቱን ሸጠው በጸደይ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ነው፤ ከዚያ በፊት የቤተሰቡን ዝርዝር ሞልተው ለእህታቸው የልጅ ልጅ መስጠት ይፈልጋሉ።

"ዓይኔ አንቺ ትሆኛለሽ" አሉኝ አንድ ቀን፣ ወንበር ስበው ከኮምፒዩተሩ አጠገብ እያስቀመጡኝ። "ሕጉ አንድ ነው። አንድም መስመር እንዳትዘይ። የማያስፈልግ የሚመስልሽን ሁሉ አንብቢልኝ።"

ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። እያንዳንዱ መስመር የሟቹን ስም፣ የሚኖርበትን ቦታ፣ የተቀበረበትን ቀን፣ ዕድሜውንና የቀበረውን ቄስ ይይዛል፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም። ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ ኖሬ የቤተሰብ ስም ምን እንደሆነ አላጣሁትም፣ ግን ሁለተኛ ስም ጮክ ብዬ ሳነብ ልቤ አሁንም አባት ነው የሚለው። አንድ ገጽ ላይ ዘጠኝ ሰው በአንድ ሁለተኛ ስም ተመዝግቦ ሳገኝ "ምን ያለ ወላድ ሰውዬ ነው!" አልኩ ሳላስበው። እማማ ባልና ሚስት ናቸው ያሏቸውን ሁለቱን አንድ ላይ ሳገኝ ደግሞ "እማማ፣ ይሄ ሰው እኅቱን አግብቷል እንዴ?" እማማ እስኪያስላቸው ሣቁ። ከዚያ በኋላ ቀኑ የከበዳቸው እንደሆነ "እስቲ ያንን እኅቱን ያገባውን ሰውዬ አንብቢልኝ" ይሉኛል።

እንዲህ እያልን እናትየዋን አገኘናት። ሁለት ወንዶች ልጆችም አገኘን፤ ሁሉም መኖሪያቸው "ወፍጮ ቤት" ይላል። እማማ በእያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

የካቲት ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ እማማ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ወደፊት እያየሁ ልጠብቃቸው ብዬ ገጽ ገለጥኩ። የቅድመ አያታቸው ስም ቁጭ ብሏል። እዚያው ወፍጮ ቤት። ዕድሜ ሁለት ዓመት።

ደግሜ አየሁት። የተቀበረች ልጅ አሜሪካ አትመጣም። እሷ በሁለት ዓመቷ ከሞተች፣ እዚህ ሴንት ፖል፣ እማማ በየዓመቱ አበባ የሚያኖሩላት ሴትዮ ማን ናት? የማን ልጅ ናት? እማማስ የማን ዘር ናቸው? ሠላሳ ዓመት የለፉበት ነገር እጄ ላይ ሲፈርስ ታየኝ።

እማማ ነቁ። "ምን አገኘሽ?"

"ምንም" አልኩ። ገጹንም ዘጋሁት።

ለምን እንደዋሸሁ ያን ቀን ብጠየቅ ኖሮ አዝኜላቸው ነው እል ነበር። እውነቱ ግን በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንዲያ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጊዜው ይመረጣል፣ በጠዋት ተሄዶ ሐዘንተኛው ተይዞ ነው የሚረዳው። እስከዚያው ይደበቃል። እኔ ይህን ደኅና አድርጌ አውቀዋለሁ፤ ተደብቆብኝ ያውቃልና።

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት እናቴ ሞተች። ያኔ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ አሁን ያለሁበት ፎቅ ላይ ነበርኩ። አገር ቤት ያሉት ነግረው፣ እዚህ ያሉት ሰምተው፣ አምስት ወር ደበቁኝ። "ገና አልተላመደችም፣ ትታመምብናለች" ተባለ። በዚያ አምስት ወር ውስጥ ለእናቴ መነጽር ገዛሁ። ዓይኔ ደከመ፣ ደብዳቤሽን ሰው ነው የሚያነብልኝ ብላኝ ነበር። ደብዳቤ ጽፌ፣ አጥፌ፣ መነጽሩ ማኅደር ውስጥ ከትቼ በሰው እጅ ላክሁ። የወሰደችልኝ ሴት እንኳ ታውቅ ነበር። እያወቀች "እሺ፣ አደርስልሻለሁ" ብላ ተቀበለችኝ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሊፍቱ በር ሲከፈት ያን ሁሉ ነጠላ የለበሰ ሰው አየሁ፤ ማንም ሳይናገር ገባኝ። ያለቀስኩት ለእናቴ ነው። የተቆጣሁት ግን ስለዚያ አምስት ወር ነው፤ ሁሉም ዓይኔን እያየ አብሮኝ ሲሥቅ ነበር። ቁጣው እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔም ደበቅሁ። እማማ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ እኔ ያንን ገጽ ዘልዬ ሌላ ዓመት አነባለሁ። እሳቸው በዳር ዓይናቸው ሲያዩኝ ፊቴ ላይ የሚያነቡት ነገር ያለ እየመሰለኝ ሻይ ላፍላ ብዬ እነሣለሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጨንቆኝ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ኤርትራዊት ናቸው፤ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ብዙ ዓመት ሆስፒታል በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ። በትግርኛ አደይ፣ እናቴ ነው የምላቸው፤ እሳቸው ጓለይ፣ ልጄ ይሉኛል። እንደሌላው ሰው "ታዲያ ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ?" ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ጓለይ፣ ሴትዮዋ ሃርት ፕሮብለም አላቸው?" አሉኝ።

"የላቸውም።"

"ዘመድስ?"

"ሩቅ ነው ያለው።"

"በቃ፣ ሳተርደይ ኦፍ ነሽ አይደል? አብረን እንሄዳለን። ብቻሽን ከነገርሻቸው ማን ይይዛቸዋል? ደግሞ ባዶ ሆዳቸውን እንዳይሆን፣ እኔ ሾርባ ኩክ አደርጋለሁ።"

ቅዳሜ በጠዋቱ፣ በረዶው ገና ሳይጠረግ፣ ሁለታችንም ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን ካፖርት ላይ አጣፍተን በባቡር ሄድን። አደይ የሾርባውን ድስት በፎጣ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ከስኔሊንግ ወርደን በእግር ስንሄድ ልመለስ ልመለስ አለኝ። የእነዚያ በሊፍት የመጡት ሰዎች ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ለካ እነሱም እግራቸው ከብዷቸው ነበር።

እማማ በሩን ከፍተው ፊታቸውን ዞር አደረጉ። ሥራ የማልገባበት ቀን መሆኑን ያውቃሉ። ነጭ ነጠላ በጥቁር ላይ፣ የማያውቋት ሴት፣ ድስት።

"ማን ሞተ?" አሉ።

አደይ ይህን ሲሰሙ እንባቸው መጣ። እኔ እማማን እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸውና ነገርኳቸው። "ቅድመ አያትዎን መዝገቡ ላይ አገኘኋት። በሁለት ዓመቷ ነው የተቀበረችው።"

አደይ ሄደው የእማማን ትከሻ ያዙ። እማማ "ዓመቱ ስንት ነው የሚለው?" አሉ። ነገርኳቸው። በከንፈራቸው ቆጠሩ።

"የእኔ ቅድመ አያት ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው የተጠመቀችው" አሉ። "ጥምቀቷን ቄሱ ጽፈውልኛል፣ ካርቶኑ ውስጥ አለ። እኔ በቃሌ ነው የማውቀው። ያን ጊዜ ልጅ ሲሞት ተከታዩን በዚያው ስም ይጠሩት ነበር። ይቺ እኅቷ ናት።"

ለቀባሪው አረዱት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በእኛ ቤት ልጅ ከሞተ ለተከታዩ ምትክ፣ ካሳ የሚል ትርጉም ያለው ስም ይወጣለታል እንጂ የሟቹ ስም ሲደገም አይቼ ስለማላውቅ ወደ አእምሮዬ አልመጣም። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ፣ የጥምቀቱ ዓመት መቼ ነው ብል ኖሮ፣ ሦስት ሳምንት ባልተጨነቅሁ ነበር። እፎይ ልል ስል እማማ ማልቀስ ጀመሩ።

"መኖሯን አላውቅም ነበር" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቆጠርኳትም። ቅድመ አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ በሷ ስም ስትጠራ ኖራ አንድም ቀን አላነሣቻትም።"

አደይ እንግሊዝኛው ሁሉ አልገባቸውም፣ ልቅሶው ግን ገብቷቸው አብረው አለቀሱ። ለማን እንዳለቀሱ ራሳቸው ያውቃሉ፤ አሥመራ ትተውት የመጡት መቃብር አላቸው። እኔም አለቀስኩ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ለዚያች ሕፃን ሦስት ሴት ተቀመጠላት።

ሾርባው ከተጠጣ በኋላ እማማ ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ማለትም ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ።

"መቼ ነው ያገኘሽው?"

"ሦስት ሳምንት ሆነኝ።"

"በየቀኑ እጠይቅሽ ነበር።"

"አዎን።"

"እኔ የማየው በአንቺ ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን በጣም ዝቅ አድርገው። "የገዛ ዓይኔ የሚዋሸኝ ከሆነ ምን ይዤ ልኑር? ሞት አይገድለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ያላየሁት ሞት የለም። የማላውቀው ነገር መኖሩን አለማወቄ ነው የሚያስፈራኝ።"

ለማንም ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ስለ አምስቱ ወር፣ ስለ ሊፍቱ፣ ለሞተች እናቴ ስለላክሁት መነጽር። አደይ አጠገቤ አንገታቸውን ደፉ፤ ያን ቅዳሜ ከሊፍቱ ከወጡት አንዷ እሳቸው ነበሩ። "ይቅር በይኝ ጓለይ" አሉ በአማርኛ። "ደግ የሠራን መስሎን ነው።" ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ፎቅ ስንኖር ይህን ተናግረነው አናውቅም። እጃቸውን ሳምኳቸው።

እማማ ግን ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ።

"መነጽሩ ምን ሆነ?"

አላውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። የእንግሊዝ አገር ወፍጮ ቤት ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ በየትኛው ቀን እንደተቀበሩ በቃሌ እላለሁ፤ የእናቴን መነጽር ግን አላውቅም።

ያን ቀን ከመሄዴ በፊት የቤተሰቡን ዝርዝር አወጣን። ከቅድመ አያቲቱ በላይ ያንኑ ስም ጻፍኩ። እማማ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አኑረው "ሁለቱም አሉ?" አሉ። "ሁለቱም አሉ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አንብቢ ሲሉኝ አነባለሁ፤ መጥፎውንም።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ባቡር ስጠብቅ አገር ቤት ላለው ወንድሜ ደወልኩለት። የእናታችን መነጽር የት እንደደረሰ ጠየቅሁት።

"ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው" አለኝ። "ከነማኅደሩ። ማን ይክፈተው? አንቺ እንዳላወቅሽ እያወቅን፣ እሷን ከቀበርን በኋላ ሲመጣ... ማንም አልደፈረም።"

"ደብዳቤ አለው ውስጡ።"

"እናውቃለን።"

"ክፈተውና አንብብልኝ።"

ሲንጎዳጎድ ሰማሁት። የማኅደሩ ክዳን ሲከፈት፣ ወረቀቱ ሲዘረጋ ሰማሁ። ማንበብ ግን አልጀመረም።

"ምነው?" አልኩት።

"መጀመሪያው ላይ እኮ፣ 'እማዬ፣ አሁን መነጽር አለሽ፤ ከእንግዲህ ደብዳቤዬን ለማንም እንዳታስነብቢ' ይላል።" አለኝ። "ልተወው እንዴ?"

ባቡሩ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈርኩም።

"አንብበው" አልኩት። "አንድም መስመር እንዳትዘል።"