ለወፍ ውሃ የቀዱት ተጣሪ

ጋሽ ሽፈራው ዕድሜያቸውን የፈጁት መርሳ መናኸሪያ፣ መንገደኛ በመጥራት ነው። “ወልዲያ! ወልዲያ! አንድ ሰው የቀረው!” ሲሉ ሲሪንቃ ድረስ ይሰማ ነበር የሚሉ አሉ። ይህ ማጋነን ነው። የኔን ግቢ ከሳቸው የሚለየው ግን አንድ የቆርቆሮ አጥር ስለሆነ ጆሮዬ ምን እንደቻለ እኔ አውቃለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ በቀር ማንም ሳይኖር “አንድ ሰው ቀረ” ማለት ውሸት አይደለም ወይ ሲሏቸው ይቆጣሉ። “ሰው ማደፋፈር ነው” ይላሉ።

አምና መናኸሪያው ውስጥ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። የአንዲት ልጅ ድምፅ ተቀድቶ ከጠዋት እስከ ማታ “ወልዲያ፣ ወልዲያ” ይላል፤ አይደክማት፣ ሻይ አያምራት። ጋሽ ሽፈራው ቤት ዋሉ። መከራው ባለቤታቸው እትዬ ማሚቴ ላይ ወደቀ። እሳቸው ሽንኩርት ሲከትፉ እንኳ ጋሽ ሽፈራው አጠገባቸው ቆመው “ትንሽ ቀረሽ! ጨርሺው!” እያሉ ይጮኹባቸው ጀመር።

ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ጋሽ ሽፈራው አንዲት ዋኖስ ውሃ የጠፋበትን ቧንቧ አፍ ስትጎነትል አዩ። ወዲያው ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ሰነጠቁና ማንጎው ሥር አስቀምጠው ውሃ ሞሉት። ይህን ያህሉ ደግ ነበር። ቀጥሎ ግን እጃቸውን አፋቸው ዳር አድርገው ተጣሩ።

“ውሃ! ውሃ! ቦታ አለ! ግቡ፣ ግቡ!”

ማንጎው ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ፣ የኔ ዘይቱን ላይ የነበሩት ጭምር፣ ተነሥተው ወደ ግራና ከተማ አቅጣጫ በረሩ።

በማግስቱም ጠሩ፤ ከዚያም በኋላ። ጀሪካኑን አጠቡ፣ ጥላ ፈለጉለት፣ ውሃውን ቀየሩ። ድምፃቸውን መቀየር ግን አልታሰባቸውም። አንድ ቀን አጥሩን ተደግፈው “ሀፍሳ፣ ሰውስ ይሁን፣ ወፍም ጠላኝ?” አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ስስቅ የሰነበትኩት ሴትዮ ሆዴ ባባ።

“ጋሼ፣ እስኪ ዝም ይበሉላቸው” አልኳቸው።

“ሳይጠራ ማን ይመጣል?” ብለው ተቆጥተው ገቡ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ጸጥ ብሏል። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ጋሽ ሽፈራው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን በመዳፋቸው ግጥም አድርገው ይዘዋል። መጀመሪያ አንዲት ድንቢጥ ወረደች። ግራ ቀኝ አየችና ጎንጨት አለች። ዋኖሶቹ ተከተሉ። ወዲያው የጀሪካኑ ጠርዝ ሞላ፤ ቦታ ያጡት መሬት ላይ ሆነው ይጋፋሉ። ሽማግሌው ፊታቸው በርበሬ መስሏል፤ እንባቸው በጣታቸው መሃል ይወርዳል። እኔም እንዳልስቅ የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ፤ ደስታቸው ደስ አለኝ።

ድንገት የኩሽናው በር ተበረገደ።

“ሽፈራው! ወይኔ ሽፈራው!” እትዬ ማሚቴ ማማሰያ እንደያዙ፣ ባዶ እግራቸውን እየሮጡ ወጡ።

ወፎቹ ብትን አሉ። ጋሽ ሽፈራው ከበርጩማቸው ዘለው ተነሡ። “ምን ነካሽ አንቺ! ስንት ቀን የለመንኳቸውን!”

እትዬ ማሚቴ የማንጎውን ግንድ ተደግፈው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። ከዚያ ጠጋ አሉና ትከሻቸውን በማማሰያው ቸብ አደረጓቸው።

“ድምፅህ ሲጠፋብኝ የሞትክ መሰለኝ” አሉ። “ሁለተኛ ዝም ልትል ስትል መጀመሪያ ንገረኝ።”