ጎሊና ላይ የበተንኩት ብርብራ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴም አታውቀውም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ዛሬ ለአንተ እናገራለሁ፤ ድፍረቱን ያገኘሁት ምናልባት ስለማታውቀኝ ይሆናል።

ያደረግሁት ይህ ነው፦ የምንጠጣውን ውሃ በብርብራ መረዝኩ፤ ጥፋቱንም ጓደኛዬ ሰዒድ ተሸክሞት ሲሄድ ዝም ብዬ አየሁ።

ከሰዒድ ጋር ያደግነው ቆቦና ሮቢት መካከል፣ ጎሊና ወንዝ ዳር ነው። አሳ ማጥመድ ተሰጥኦው ነበር። የአውራ ዶሮ ላባ መንጠቆው ላይ በቀጭን ክር ያስርና ዝንብ ያስመስለዋል፤ ከዚያ ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል። አሳው ዝንብ አገኘሁ ብሎ ዘሎ ሲጎርስ ሰዒድ እንደ ሕፃን ይስቃል። እኔም እንደሱ አስራለሁ፣ እንደሱ እወረውራለሁ፤ የሚያዝልኝ ግን ቅጠል ነው። "አብሽር፣ ውሃው ገና አልለመደህም" ይለኛል። እኔ ቀናሁበት። ሌላ ስም አላወጣለትም፣ ቅናት ነው።

አንድ ቀን ቆቦ ላይ ከባጃጅ ሾፌሮች ጋር ተቀምጬ፣ እኔም እንደ ሰዒድ ዘንቢል ሙሉ አሳ አመጣለሁ ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። እስቲ አምጣና እንይህ አሉኝ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን አሳ ያሰክራል፤ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ በእጅ መልቀም ነው። በእኛ አካባቢ ይህ የሚፈቀደው በክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ብቻ ነበር። በበጋ ውሃው ለመስኖ ስለሚጠለፍ ጎሊና ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ የታችኛው ሰፈር ሰው የሚጠጣውም ከእነዚያው ኩሬዎች ነው። ይህን አውቅ ነበር። በበጋ፣ አውቄ አደረግሁት።

ዓርብን የመረጥኩት ሰዒድ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ስለሚሆን ነው። የክረምቱን ስፍር ሳልቀንስ ግማሽ ጆንያ የተወቀጠ ብርብራ ትልቁ ኩሬ ውስጥ ዘረገፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ትልልቆቹም፣ እንደ ጣት የቀጠኑትም፣ ገና ጥፍር የሚያህሉትም ሁሉም ተንሳፈፉ። ደነገጥኩ። ዘንቢሌን ሞልቼ ሮጥኩ፤ ጆንያዬን እዚያው ረሳሁት። አሳውንም ለሾፌሮቹ ማሳየት ፈርቼ ቀበርኩት።

ሰዒድ ከመስጊድ ሲመለስ ያንን ሁሉ የሞተ አሳ አየ። ውሃው እንዳይበላሽ ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ይለቅም ጀመር። ውሃ ቀጂዎቹ የደረሱት ያኔ ነው፤ ያዩትም ሰዒድን ከነሞተ አሳው ነው። በማግስቱ ጠዋት ጆንያዬ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀዳዳውን አብረን ስለሰፋን የእኔ መሆኑን የሚያውቅ ሰዒድ ብቻ ነበር።

ኩሬው ሸተተ። ሴቶቹ በጠራራ ፀሐይ ሩቅ ሄደው ይቀዱ ጀመር። ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። በአውጫጭኝ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሳ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየእምነቱ፣ "አላደረግሁም፤ ያደረገውንም አላውቅም" ብሎ ይምላል። አውቆ የደበቀ እንዳደረገ ይቆጠራል።

ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁ፤ ድምፄ ደህና ነበር። ማልኩ። በፈጣሪ ስም ሁለቱንም ማልኩ። እንዴት አስቻለኝ? እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቀጥሎ ሰዒድ ተነሳ። "ወላሂ፣ አላደረግሁም" አለና ቆመ።

"ቀሪውንስ?" አሉት አንዱ ሽማግሌ።

አላውቅም ብሎ በሐሰት መማል አልሆነለትም፤ ስሜን መጥራትም አልፈለገም። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ነኝ ብል ያበቃ ነበር። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

"ልጄ፣ ካላወቅህ ማል፤ ካወቅህ ተናገር" ብለው ለመኑት። ዝም እንዳለ ተቀመጠ። ከወንዙ አገዱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "መራዡ" ሆነ። ክረምት ሳይገባ አገር ለቆ ሄደ።

ባለፈው ወር ወደ አላማጣ ስሄድ ዋጃ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው ሰዒድ ነበር። እጁ በግራሶ ቅባት ስለተለወሰ ክንዱን ዘረጋልኝ።

"ደሳለ! ቤት ደህና? ልጆች አደጉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩና፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "አሁንም ታጠምዳለህ?" ብዬ ጠየቅሁት። እኔ! እሱን!

ጎማውን እያሰረ ቀና ሳይል መለሰልኝ። "ያን ቀን ትናገራለህ ብዬ ነበር እኮ። ወላሂ፣ እስከ መጨረሻው ጠብቄሃለሁ።" ብሎኑን አጠበቀ። "እናቴ ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ እንዳመነች ነው የሞተች።"

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሮጬ ተሳፈርኩ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተ ይቅር የምትለኝ ነገር የለም። ለአንተ መንገሬም ሰዒድን ከስሙ አያነጻውም። ያስማሉን ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ቤታቸው ከቤቴ የአስር ደቂቃ መንገድ ነው። እስካሁን አልሄድኩም።