መኪናዋ የዋጠችው አልበም

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ የአባቴ አሮጌ መኪና አንድ ሲዲ ዋጠችና አልተፋም አለች። ሲዲውን የሰጠችኝ ከለንደን ልትጠይቀን የመጣች የአጎቴ ልጅ ሜሮን ናት። የአንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዛዊት የመጀመሪያ አልበም ነበር። ቤት ማጫወቻ ስላልነበረኝ አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ አባቴን አስፈቅጄ መኪናዋ ማጫወቻ ውስጥ ከተትኩት። በዚያው ቀረ። ሬዲዮውም አብሮ ተበላሸ፤ ከዚያ በኋላ ወይ እሷን መስማት ነው፣ ወይ በዝምታ መንዳት።

ዝምታው ደግሞ ለእኛ ከባድ ነበር። አባቴ ዲቪ ደርሶት ወደ ቴክሳስ ሲሄድ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ልጅ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ደሴ፣ አክስቴ ቤት ነው ያደግኩት። እሱ የሚኖርባት የቴክሳሷ ዩለስ ከተማ ስንደርስ አባቴን የማውቀው በፎቶና በስልክ ድምፅ ብቻ ነበር። ትልቅ ሰው "አንቱ" ይባላል ተብዬ ስላደግኩ እሱንም አንቱ እለው ነበር። "አንተ በይኝ እንጂ፣ አባትሽ አይደለሁም እንዴ?" ይለኛል። እሺ እላለሁ፤ ምላሴ ግን እምቢ ይላል። አክስቴ ስትሸኘን "ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባላል፤ አንቺ ግን ቶሎ ቅረቢው" ብላኝ ነበር። እንዴት እንደሚቀረብ አልነገረችኝም።

እናቴ ሆቴል ውስጥ የጠዋት ሺፍት ስለነበራት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ከኤርፖርት የሌሊት ሥራው በቀጥታ ስለሚመጣ ዩኒፎርሙ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። ቁርስ በልቼ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ በልቻለሁ እላለሁ። በቃ፣ ወሬያችን አለቀ።

አልበሙ ጉድ ነበር። ልጅቷ መጀመሪያ በጥድፊያ ራፕ ታደርጋለች፤ ሳይታሰብ ጊታሩ ይጮሃል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ ይልና ለብቻዋ እንደምታንጎራጉር ሴት ቀስ ብላ ትዘፍናለች። የቀዳችው መኝታ ቤቷ ውስጥ ስለሆነ በር ሲዘጋ፣ ውሻ ሲጮህ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲመታ ይሰማል። ድምፅዋ ሲሰነጠቅ እንኳ እንዳለ ትታዋለች። አባቴ የመጀመሪያውን ቀን ፊቱን አኮሳትሮ ሰማና ልጅቷን አሟት እንደሆነ ጠየቀኝ። በማግስቱ አጠፋው። ትንሽ እንደነዳ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ከፈተው።

እየዋለ እያደረ ለዘፈኖቹ ስም አወጣላቸው፤ "የንዴቷ"፣ "የዝናቧ"፣ "የእናቷ" እያለ። "የእናቷ" በሚለው መሃል ላይ እናትየዋ ለእራት ስትጣራ ትሰማለች፤ ልጅቷ "መጣሁ" ትልና መዝፈኗን ትቀጥላለች። አባቴ እዚያ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይስቃል። የእንግሊዞች አነጋገር አይገባኝም እያለ ግጥሙን ተርጉሚልኝ ይለኛል፤ እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ያልገባኝን ከራሴ እሞላለታለሁ። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ መሪውን በጣቱ እየመታ፣ እሱም በልጅነቱ እናቱ ስትጠራው "መጣሁ" እያለ ኳስ ሜዳ እንዴት እንደሚያመሽ አጫወተኝ። አባቴም ልጅ እንደነበረ ያኔ ነው የገባኝ።

በጸደይ ልጅቷ እዚያው አቅራቢያችን ባለችው አዲሰን ከተማ መናፈሻ ውስጥ ልትዘፍን እንደሆነ ሰማሁ። ለእናቴ ነገርኳት፤ እሱን ውሰደኝ ብዬ ለመጠየቅ ግን ፈራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ኦቨርታይሙን ትቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁት። "ሶ፣ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?" አለኝ።

መናፈሻው ውስጥ ሙቀቱ አናት ይበሳል። የተጠበሰ በቆሎና የተረገጠ ሣር ይሸታል። አባቴ አፍንጫቸውን ከተበሱና ፀጉራቸውን ሰማያዊ ከቀቡ ወጣቶች ራቅ ብሎ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመ፤ እኔ ወደ ፊት ሄድኩ። ልጅቷ ካሰብኳት በላይ ቀጭንና ትንሽ ነበረች፤ ድምፅዋ ግን ደረቴ ውስጥ ይመታል። "የእናቷ" ሲጀምር ዞር አልኩ። አባቴ አልሰማም፤ ውሃ እየጠጣ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሰዉን እየገፋሁ ሮጥኩ።

"አባዬ፣ ና! ያንተ ዘፈን መጣ!"

ምን እንዳልኩ ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም ሰምቶታል። "መጣሁ" ብሎ የውሃውን ጠርሙስ ጥሎ ሮጠ። ከበሮው ፈጠን ሲል የወሎ ትከሻውን ለቀቀው። ወጣቶቹ ክብ ሠርተው ያጨበጭቡለት ጀመር። እጁን ይዤ ድምፄ እስኪዘጋ አብሬው ጮህኩ።

ዛሬ ሁሉም ሰው የየራሱን ዘፈን በየጆሮው ሰክቶ ነው የሚሄደው። ልጅቷም ትልቅ ሴት ሆናለች፤ አልበሞቿ ውሻም ዝናብም የማይገባባቸው፣ ጥርት ያሉ ናቸው። ጥሩ ናቸው፤ አልዋሽም። ባለፈው እሑድ አዲሱ ወጣ ሲባል አብረን እንድንሰማው አባቴን በመኪናዬ ይዤ ወጣሁ። ራቅ እስካለችው ሳክሲ ከተማ ድረስ እሱ ስለ ጓሮው ቲማቲምና ስለ ጉልበቱ፣ እኔ ስለ አዲሱ አለቃዬ፣ አንዳችን የሌላውን ቃል እየነጠቅን አወራን። ተመልሰን ደጃፉ ላይ ፓርክ ሳደርግ አልበሙ አልቋል፤ አንዱንም ዘፈን አልሰማነውም።